«ፕሮሰሰሩ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ የኤፍኤም ጣቢያ ድምፅ ሲበላሽ ከየት ይጀመራል?

ጣቢያ ውስጥ ድምፅ በተበላሸ ቁጥር የመጀመሪያው ተከሳሽ ፕሮሰሰሩ ነው፣ ከሚክሰሩ የወጣውን ድምፅ አስተካክሎ ወደ ማሰራጫው የሚልከው ሳጥን። መደርደሪያው ላይ መብራቱን እያብለጨለጨ ስለሚቀመጥ ይመስለኛል፣ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። እኔ ሀዋሳ ውስጥ በዚህ ሥራ ስቆይ ሳጥኑ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከሱ በፊት ነው፣ ወይም ከሱ በኋላ። ወይም አንድ ሰው ትናንት ማታ ነካክቶታል። (ያ ሰው አንዳንዴ እኔ ነኝ፣ ወደዚያም እመጣለሁ።)

ፕሮሰሰር የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ትንሹን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ ትልቁን ይይዛል። መጀመሪያ አጂሲ የሚባለው ክፍል ቀስ ብሎ መጠኑን ያስተካክላል። ቀጥሎ ድምፁ ወፍራምና ቀጭን እየተባለ በባንድ ተከፋፍሎ ይጨመቃል። መጨረሻ ላይ ሊሚተሩና ክሊፐሩ ከልክ ያለፈውን ይቆርጣሉ፣ ምክንያቱም የኤፍኤም ማሰራጫ ከ75 ኪሎኸርዝ በላይ መወዛወዝ የለበትም። ኦርባን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ኦፕቲሞድ በተባለ ፕሮሰሰር ሊሚተሩንና ስቴሪዮ ጄኔሬተሩን (ግራና ቀኙን ለስርጭት አንድ ላይ የሚያጣምረውን ክፍል) አንድ ሳጥን ውስጥ ካስገባ ወዲህ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ተጠቃሎ ይመጣል። ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ሶፍትዌርም አለ። ዋናው ነገር ግን አልተቀየረም። ይሄ ዕቃ ያጎላል። የገባለት ንጹህ ከሆነ ንጹሁን፣ የአየር ማቀዝቀዣ ጩኸት ከሆነ ጩኸቱን።

ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡና የፕሮሰሰሩን ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሦስት ቦታ ላይ አዳምጡ፦ ከሚክሰሩ መውጫ፣ ከፕሮሰሰሩ መውጫ፣ ከአየር ላይ በተራ ሬዲዮ። ብልሽቱ ሚክሰሩ ላይ ከተሰማ ፕሮሰሰሩን ተዉት። ሚክሰሩ ንጹህ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ላይ ከተበላሸ እሱና ገመዶቹ ናቸው። እዚያም ንጹህ ሆኖ አየር ላይ ከተበላሸ ሊንኩን (ድምፁን ከስቱዲዮ ወደ ማሰራጫው የሚወስደውን) ወይም ትራንስሚተሩን፣ ማለትም ማሰራጫውን ራሱን ፈትሹ። ባይፓስ ማድረግም፣ ማለትም ድምፁ ሳይነካ ፕሮሰሰሩን አልፎ እንዲሄድ ማድረግም ይጠቅማል፣ ግን ሥርጭት ላይ እያላችሁ ዝም ብላችሁ አትጫኑት። ሊሚተር ከሌለ ማሰራጫው ከልክ ያልፍና ጎረቤት ጣቢያ ላይ ትወጣላችሁ። መጀመሪያ መጠኑን ቀንሱ፣ ወይም ሥርጭት እስኪዘጋ ጠብቁ።

ዘፈኑ አለ፣ ዘፋኙ የለም

ይሄኛውን ከነታሪኩ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ የግቢው ጥበቃ፣ ሁልጊዜ ጆሯቸው ሥር በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ የማይለያቸው አባት፣ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ዛሬ ዘፈኑ አለ፣ ዘፋኙ ግን የለም» አሉኝ። ሳቅኩ። ስቱዲዮ ገብቼ በትልቁ ስፒከር ሰማሁ፣ ዘፋኙ አለ። ትንሽ ሰፋ ያለ ይመስላል እንጂ ምንም አላለኝም። ተመልሼ ወጥቼ የሳቸውን ሬዲዮ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። እውነታቸውን ነው። ከበሮው ከሩቅ ይሰማል፣ ኪቦርዱ ይሰማል፣ ድምፃዊው ግን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስል ማሚቶው ብቻ ቀርቷል። ዜናው ሲጀምር ደግሞ ጭራሽ ጠፋ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የሳቸው ሬዲዮ ሞኖ ነው። ግራና ቀኙን ደምሮ ነው የሚያሰማው። አንደኛው መስመር ፌዙ ከተገለበጠ፣ ማለትም አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ፣ መሀል ላይ ያለው ድምፅ ሲደመር ዜሮ ይሆናል። መሀል ላይ ያለው ማን ነው? ዘፋኙና ዜና አንባቢው። በጥሩ ስቴሪዮ የሚሰማ ሰው ላያውቀው ይችላል፣ የኪስ ሬዲዮና አንድ ስፒከር ያለው ስልክ ግን ወዲያው ያጋልጡታል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ማታ ላይ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚገባ አንድ የኤክስኤልአር ገመድ (ጫፉ ላይ ቁጥር ያላቸው ሦስት እግሮች ያሉት) ተበጥሶ በካውያ በይጄዋለሁ፣ ደክሞኝ ስለነበር 2 ቁጥርንና 3 ቁጥርን አገላብጬ። 1 ቁጥር ሁልጊዜ ግራውንድ ነው፣ 2 ፖዘቲቭ፣ 3 ኔጌቲቭ። ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ቦታ አድርጋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ከ1፣ 2 ከ2፣ 3 ከ3 መገናኘቱን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ገመድ ባይነካም የፕሮሰሰሩ ሜኑ ውስጥ ፌዝ የሚገለብጥ ማብሪያ ሊኖር ይችላል፣ እሱንም እዩ። ሚክሰራችሁ ላይ የሞኖ ቁልፍ ካለ ደግሞ በየጠዋቱ አንዴ ጫን አድርጉት። እኔ ከዚያ ወዲህ የጥበቃውን ሬዲዮ ሳልሰማ አልገባም።

ተናጋሪው ዝም ሲል ጩኸት ብቅ ይላል

ጋዜጠኛው ትንፋሽ ሲወስድ የጀርባው ድምፅ «ሽሽሽ» እያለ ከፍ ይላል፣ ማውራት ሲጀምር ተመልሶ ይወርዳል። ስቱዲዮው የሚተነፍስ ይመስላል። አጂሲው ነው። ዝምታ ሲያገኝ «ድምፅ አነሰ» ብሎ መጠን ይጨምራል፣ ያለው ድምፅ ደግሞ የማቀዝቀዣውና የኮምፒውተሩ ፋን ብቻ ነው።

መፍትሄው ጌት የሚባለው ነው። ድምፁ ከተወሰነ መጠን በታች ሲሆን አጂሲው ባለበት እንዲቆም ያደርጋል። ሰው ሳያወራ ማይኩን ክፈቱና ሜትሩ የት እንዳለ እዩ፣ ጌቱን ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጉት። በጣም ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያወራ እንግዳ ሲመጣ ጌቱ እሱንም እንደ ዝምታ ይቆጥረዋል፣ ድምፁ እዚያው አንሶ ይቀራል። የፍቼ ጫምባላላ በዓልን ከጉዱማሌ አደባባይ በቀጥታ ስታስተላልፉ ይሄ በደንብ ይፈትናችኋል። አንድ አባት ረጋ ብለው፣ በየመሀሉ እያረፉ ይናገራሉ፤ ባረፉ ቁጥር ከኋላ ያለው ጄኔሬተር ወደ ፊት ይመጣል። እዚያ ላይ ፕሮሰሰሩን ከማስተካከል ማይኩን አንድ ጋት ወደ አፋቸው ማስጠጋት ይሻላል። የተከፈተ ግን የማይወራበት ማይክም ይዘጋ። አራት ሰው ባለበት ውይይት ላይ ሦስቱ ማይክ የሚያነሱት የክፍሉን ጩኸት ነው።

«ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይወጋሉ

ማንበብ ሲጀመር «ስድስት ሰዎች» የሚለው ብቻ ጆሮ ይወጋል። ሁሉም ሰው ማይኩን ይወቅሳል። ማይኩም ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ፕሪ-ኢምፋሲስ የሚባለውን እዩ።

ኤፍኤም ላይ ቀጭኑ ድምፅ ከመተላለፉ በፊት ሆን ተብሎ ከፍ ይደረጋል፣ ሬዲዮው ደግሞ ተቀብሎ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። የሞገዱ ሽሽታ አብሮ እንዲቀንስ ነው። መጠኑ በማይክሮሰከንድ ይነገራል፤ አሜሪካ 75፣ አውሮፓና እኛ አካባቢ 50። ከ50ው ጋር 15 ኪሎኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ ወደ 14 ዴሲቤል ገደማ፣ ከ75ቱ ጋር ወደ 17 ገደማ ይነሳል። ዕቃው ከአሜሪካ መጥቶ 75 ላይ እንዳለ ከተተከለ ትርፉ እላያችን ላይ ይቀራል።

የባሰው ግን ሁለት ጊዜ ሲሆን ነው። ፕሮሰሰሩ ያነሳዋል፣ ትራንስሚተሩም «እኔም ላንሳ» ይላል። ይሄ የሚመጣው ከፕሮሰሰሩ ግራና ቀኝ ለየብቻ ወደ ትራንስሚተሩ ሲሄዱ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይሥራው፣ ሌላው ላይ አጥፉት። ሁለቱም ላይ ከጠፋ ደግሞ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ታፍኖ እንደሚያወራ ሰው ይሆናል። ከቻላችሁ ስቴሪዮ ጄኔሬተሩን ከፕሮሰሰሩ ተጠቅማችሁ ግራና ቀኙ ተጣምሮ በሚሄድበት በአንድ የኤምፒኤክስ ገመድ ላኩ፣ የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መድኃኒቱ እሱ ነው። ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከወጋ ወደ ማይኩ ሂዱ። ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። በኛ ቋንቋ «ጰ»፣ «ጠ»፣ «ቀ» ራሳቸው ፍንዳታ ናቸው፣ ከማይኩ ፊት ቀጥ ብሎ ለሚያነብ ሰው ርኅራኄ የላቸውም።

ድምፁ ይሰነጠቃል

ዘፈኑ ሁሉ የተቀደደ ስፒከር ላይ እንደሚጫወት ከሆነ መግቢያውን ፈትሹ። የስቱዲዮ ሚክሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው +4 በሚባለው መጠን ነው፣ የቤት ዕቃ ደግሞ −10 ላይ። መሀላቸው ወደ 12 ዴሲቤል ልዩነት አለ (መለኪያቸው ስለሚለያይ ነው 14 ያልሆነው)። +4 የሚያወጣ ሚክሰር −10 ለሚጠብቅ መግቢያ ከተሰጠ ድምፁ በሩ ላይ ተቆርጦ ነው የሚገባው። ከዚያ በኋላ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የፈለጋችሁትን ብትቀንሱ የተቆረጠው አይመለስም። የመግቢያው ሜትር ቀይ መንካት የለበትም። አጂሲው በተለመደው ፕሮግራም ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ እየቀነሰ ሲሠራ እኔ ደስ ይለኛል፣ ወደ ታችም ወደ ላይም ቦታ ይኖረዋል።

ሜትሩ ደህና ሆኖ አንዳንድ ዘፈን ላይ ብቻ ከሆነ ዘፈኑን ራሱን ጠርጥሩ። ከቴሌግራም የወረደ፣ ሦስት ሰው ጋ ተቀባብሎ የተጨማመቀ ኤምፒ3 ስልክ ላይ ደህና ይመስላል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሲገባ ግን በጥሬው ተደብቆ የነበረው የውኃ ውስጥ ድምፅ ሁሉ ይወጣል። ዲጄዎቻችንን ለማስረዳት የወሰደብኝን ጊዜ አትጠይቁኝ። በመጨረሻ አንዱን ልጅ ሁለት ፋይል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ከአየር ላይ በሄድፎን አሰማሁት። «እንዴ፣ ሳህኑ የት ሄደ?» አለ። የከበሮውን ሳህን ማለቱ ነው። አሁን ከሱ በላይ የሚቆጣጠር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከስቱዲዮ እስከ ማሰራጫው ያለው ሊንካችሁ ድምፅ የሚጨምቅ ኮዴክ ከሆነ ፕሮሰሰሩን ስቱዲዮ ሳይሆን ማሰራጫው ጋ አድርጉት። ፕሮሰሰሩ በጥንቃቄ የቆረጠውን ጫፍ ኮዴኩ መልሶ ያነሳዋል።

ሁም

ሁም፣ ማለትም ከመብራት የሚመጣ የማያቋርጥ ወፍራም «እምምም» ሲሰማ ቶሎ አንድ ጥያቄ፦ 50 ኸርዝ ነው 100? ስልካችሁ ላይ ስፔክትረም የሚያሳይ አፕ ጫኑና በሄድፎኑ አጠገብ ያዙት። ወፍራሙ 50 ከጎላ ከመሬት መስመር ዙሪያ ወይም ከጎኑ ከሚያልፍ የመብራት ገመድ ነው። ሚክሰሩ አንድ ሶኬት ላይ፣ ፕሮሰሰሩ ሌላ ክፍል ሶኬት ላይ ከሆኑ በግራውንድ መሀላቸው ዥረት ይፈጠራል። ሁለቱንም ከአንድ ዩፒኤስ ላይ አብሯቸው፣ ባላንስ የሆነ ገመድ ተጠቀሙ፣ ካልሆነ መሀሉ ላይ የድምፅ ትራንስፎርመር አስገቡ። የመሬቱን እግር ከመሰኪያው ላይ የሚቆርጥ «ባለሙያ» አጋጥሞኛል። ሁሙ ጠፋለት፣ አዎ። ግን ዕቃው ውስጥ የመብራት መስመር ከሳጥኑ ጋር ቢነካካ የሚይዘው ሰው ነው መሬት የሚሆነው። አታድርጉት።

100 ከጎላ ግን ፓወር ሰፕላዩ ነው። ማጣሪያ ኮንደንሰሮቹ ደርቀዋል። ክዳኑን ስትከፍቱ አናታቸው ያበጠ ካያችሁ ጥያቄ የለውም፣ ቀይሯቸው፣ 105 ዲግሪ የሚችለውን ዓይነት። ከሶኬት ከነቀላችሁ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ፣ ታገሡ።

ከላፕቶፑ የሚመጣ ጭር ጭር የሚል ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉና ስሙ። ከጠፋ አገኛችሁት።

ደግሞ ሁም የመሰለ ሁሉ ሁም አይደለም። በዓቢይ ጾም አንድ ከሰዓት ፕሮሰሰር ከፍቼ ግማሽ ቀን ስፈልግ የዋልኩት «ዝዝዝ» የበገና ነበር። የበገና አውታር ሥር የምትገባዋ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋ፣ ሆን ብላ ነው የምታዝዘው። መጭመቂያው ደግሞ ያንን ከመዝሙሩ እኩል አወጣው። ለበገና ለብቻው ረጋ ያለ ፕሪሴት (አስቀምጠው የሚጠሩት ቅንብር) ሠራሁለትና ተገላገልኩ።

ሄድፎን ውስጥ የራሴ ድምፅ ይረብሸኛል

ዘመናዊ ፕሮሰሰር ለማሰብ ጊዜ ይወስዳል። ጥቂት ሚሊሰከንድ ችግር የለውም፣ ከ10 ሲያልፍ ግን አቅራቢዋ ራሷን ከአየር ላይ ስትሰማ ከጭንቅላቷ ውስጥ ከሚሰማት ድምፅ ጋር ይጋጫል። «ወንድሜ፣ በርሜል ውስጥ ሆኜ ነው የማወራው» ትላችኋለች። ፕሮሰሰሩ አልተበላሸም። ሄድፎኗን ከሚክሰሩ ስጧት፣ ወይም ዕቃው አጭር መዘግየት ያለው የሞኒተር መውጫ ካለው ከዚያ።

ጠቅ ጠቅ፣ የማይበራ ስቴሪዮ፣ ሙሉ ዝምታ

በዲጂታል ግንኙነት ላይ በየጥቂት ሰከንዱ «ጠቅ» የሚል ካለ ሁለቱ ዕቃዎች የየራሳቸውን ሰዓት እየቆጠሩ ነው፤ አንዱ 44.1 ሌላው 48 ኪሎኸርዝ ላይ፣ ወይም ማን ማንን እንደሚከተል አልተነገራቸውም። አንዱን አለቃ አድርጉ።

ሬዲዮው ላይ የስቴሪዮ ምልክት ካልበራ የ19 ኪሎኸርዙን ፓይለት፣ ለሬዲዮው «ስቴሪዮ ነው» ብሎ የሚናገረውን ምልክት፣ መጠኑን እዩ። ከጠቅላላው 9 በመቶ ገደማ ነው መሆን ያለበት።

ጭራሽ ዝም ካለ ከሶኬቱ ጀምሩ፣ ሳቁብኝ እንጂ ከሶኬቱ። ከዚያ ዩፒኤስ፣ ከዚያ ፊውዝ። የተቃጠለ ፊውዝ አንዴ ይቀየራል። ሁለተኛ ከተቃጠለ ውስጥ ችግር አለ ማለት ነው፣ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መሰካት ሳጥኑን ማቃጠል ነው። ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚጠፋ፣ ማታ የሚነሳ ከሆነ ሙቀት ነው። ፋኑን በእጃችሁ ፈትሹ። እኛ ጋ ጉንዳን ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ቤት ሠርቶ አግኝቻለሁ፤ የሐይቁ እርጥበትም ኮኔክተሩን አረንጓዴ ያስለብሰዋል። በኮንታክት ማጽጃ ጥረጉት።

ጠዋት ዜናው ያለከልካል

ይሄ ሳምንት ሙሉ ያንከራተተኝ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ዜና ላይ ድምፁ እንደ ዳንስ ቤት ይጨመቃል፣ ወፍራሙ ይደበድባል፣ አንባቢው ያለከልካል። ከቀኑ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ በዘፈን ፕሮግራምም ያው ነው፣ እዚያ ግን ደስ ይላል። ለንግግር የሠራሁት ፕሪሴት የት ገባ?

ፕሮሰሰሩ በሰዓት ፕሪሴት ይቀያይራል። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት መብራት ደጋግሞ ጠፍቶ ነበር፣ ውስጥ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ደግሞ ሞታለች። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ፕሮግራሙን ረስቷል። ባትሪዋን ቀየርኩ። የማታ ፈረቃ ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ሊረዳኝ ብሎ የሰዓቱን ሠንጠረዥ ከፕሮግራም ክፍሉ ወረቀት ላይ እያየ ሞላው፦ ንግግር 1፡00፣ ዘፈን 6፡00። ወረቀቱ የኛ ሰዓት ነው። ሳጥኑ የፈረንጅ። 01፡00 ማለት ለሱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፣ ማንም በማይሰማበት የንግግሩን ፕሪሴት ያስገባል። 06፡00 ማለት ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት። ዜናው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድሞ የዘፈኑን አስገብቶ ይጠብቀናል።

07፡00 እና 12፡00 ብዬ አስተካከልኩት። ልጁን አልተቆጣሁትም፣ ማን ያልተሳሳተው አለ። ግን ፕሮሰሰሩ ግንባር ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ በወፍራም ማርከር፦ «ስድስት ሰዓት ደምር/ቀንስ። ካልገባህ ደውል፣ አትንካ።»